የባዮኢኩቫለንስ ጥናት የተሳታፊ ብዛት ስሌት፦ ችግርና መፍትሄ

የባዮኢኩቫለንስ ጥናት አንድ ምርት (ቴስት) ከነባሩ መድኃኒት (ሪፈረንስ) ጋር እኩል ወደ ደም መግባቱን ይፈትሻል። እዚህ ያሉት ቁጥሮች የተሠሉት ለተለመደው ባለሁለት ፔሬድ (የመውሰጃ ዙር)፣ ባለሁለት ሲኩዌንስ (የመውሰጃ ቅደም ተከተል) ክሮስኦቨር ነው፤ በዚህ ዲዛይን እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ምርቶች በተራ ይወስዳል። የቴስቱ ለሪፈረንሱ ጥምርታ ማረፍ ያለበት ወሰን ከ80.00 እስከ 125.00 በመቶ፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (የጥምርታው ግምት የሚዘረጋበት ክልል) 90 በመቶ፣ ፓወሩ (ምርቶቹ በእርግጥ ተመጣጣኝ ከሆኑ ጥናቱ ይህን የማሳየት እድሉ) ቢያንስ 80 በመቶ ነው። ቀመሩ ራሱ ብዙ ሰው አያሳስትም፤ የሚያሳስተው ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው።

ስሌቱ ከተጠበቀው በላይ ብዙ ሰው ይጠይቃል

አብዛኛውን ጊዜ ሲቪው (ከአማካዩ አንጻር ያለው የልዩነት መጠን) የተወሰደው ከአንድ ጽሑፍ ሰንጠረዥ፣ ከአማካይና ከስታንዳርድ ዴቪየሽን ነው። ያ ቁጥር በሰውና በሰው መካከል ያለውን ልዩነትም ይዟል። በክሮስኦቨር ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ስለሆነ የሚያስፈልገው በአንድ ሰው ውስጥ ያለው ልዩነት ብቻ ነው።

ጽሑፉ ይህን ባይገልጽም ከኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ማውጣት ይቻላል። ጥናቱ 24 ሰዎች የጨረሱት፣ ሲኩዌንሶቹ እኩል የሆኑ ክሮስኦቨር ነው፣ ኢንተርቫሉም ከ91.00 እስከ 112.00 በመቶ ነው እንበል።

1. የ1.12ንና የ0.91ን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ያውጡ፤ ልዩነታቸውን ለ2 ሲያካፍሉ 0.1038 ይሆናል።
2. ይህን በቲ ዋጋ (ከስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ የሚነበብ ቁጥር) ያካፍሉ። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 24 ሲቀነስ 2፣ ማለትም 22 ስለሆነ ቲ 1.717 ነው። ውጤቱ 0.0605።
3. ውጤቱን በራሱ፣ ከዚያም በተሳታፊዎቹ ግማሽ፣ በ12 ያባዙ፤ 0.0439 ይመጣል። ቫሪያንሱ ይህ ነው።
4. የቫሪያንሱን ኤክስፖኔንሻል ወስደው 1 ይቀንሱ፤ የቀረው ስኩዌር ሩት ሲቪውን ይሰጣል፦ 21.2 በመቶ።

ጥምርታው 0.95 ይሆናል ተብሎ ሲታሰብ ይህ 22 ሰው ይጠይቃል። ከሰንጠረዡ የተወሰደው ሲቪ ለምሳሌ 45 በመቶ ቢሆን ኖሮ 82 ሰው ይባል ነበር።

ሶፍትዌሩ የማይታመን ቁጥር ይሰጣል

0.30 መግባት ሲገባው 30 ተጽፎ ይሆናል፤ ፓወርቶስት (ይህን ስሌት የሚሠራ የአር ሶፍትዌር ፓኬጅ) ሲቪን የሚቀበለው በአስርዮሽ ነው። ቁጥሩ ልክ ግማሽ ከሆነ ደግሞ መሣሪያው የሚሰጠው ለአንድ ሲኩዌንስ ነው። ማንኛውንም መሣሪያ ከመጠቀምዎ በፊት በዚህ ይፈትኑት፦ ሲቪ 0.30፣ ጥምርታ 0.95፣ ፓወር 0.80 ሲገባ ጠቅላላው 40 መሆን አለበት።

ኢንተርቫሉ ጠባብ ነው፣ ግን በአንድ ጫፍ ከወሰኑ ወጥቷል

ጥናት ከሚጥሉት ዋናዎቹ አንዱ ይሄኛው ነው። ምክንያቱ ቴስቱና ሪፈረንሱ ፍጹም እኩል ናቸው ተብሎ መታሰቡ ነው። ሲቪው 30 በመቶ ሲሆን ጥምርታው 1.00 ከተባለ 32 ሰው ይበቃል፤ 0.95 ከተባለ 40፤ 0.90 ከተባለ ግን 80 ያስፈልጋል። ለ0.95 ታቅዶ 40 ሰው የገባበት ጥናት እውነተኛው ጥምርታ 0.90 ሆኖ ከተገኘ ፓወሩ ወደ 54 በመቶ ይወርዳል። ሳንቲም ወርውሮ እንደመወሰን ነው።

መፍትሄው የሚጀምረው ከላብራቶሪ ነው። የቴስቱንና የሪፈረንሱን ባች (በአንድ ጊዜ የተመረተ ስብስብ) የንጥረ ነገር ይዘት ያስለኩ፤ የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ ልዩነቱ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠብቃል። የተሻለ መረጃ ከሌለ በ0.95 ያስሉ፤ 1.00ን አይጠቀሙ። ፓይለቱ (ትንሹ ቅድመ ጥናት) ወደ 0.90 ከጠቆመ ሰው ከመጨመር በፊት ወደ ፎርሙሌሽኑ (የምርቱ አዘገጃጀት) መመለስ ይሻላል። በማይመጥን ምርት ምክንያት ተጨማሪ 40 ጤነኛ ሰዎችን መድኃኒት ማስዋጥና ደም መቅዳት ተገቢ አይደለም።

መሃሉ 100 በመቶ አካባቢ ነው፣ ኢንተርቫሉ ግን ሰፊ ነው

ሲቪው ከትንሽ ፓይለት ተወስዶ እንደ እርግጠኛ ቁጥር ተቆጥሯል። ከ24 ሰዎች የተገኘ 25 በመቶ 28 ተሳታፊ ይጠይቃል። የሲቪው ባለአንድ ጎን 80 በመቶ የላይኛ ወሰን ግን 29.2 በመቶ ስለሆነ ጥንቁቅ እቅድ 38 ይይዛል። ከአንድ በላይ ጥናት ካለዎት ቫሪያንሶቹን በዲግሪ ኦፍ ፍሪደማቸው መዝነው ያዋህዱ። ሲቪዎቹን ደምሮ ማካፈል ስህተት ነው።

ሰዎች አቋርጠው ቁጥሩ ጎደለ

15 በመቶ ያቋርጣል ከተባለ 40ን በ1.15 ማባዛት 46 ይሰጣል፤ ከ46ቱ የሚቀሩት 39 ናቸው። 40ን ለ0.85 ማካፈል ነው ትክክሉ፦ 47.1፣ ወደ ሙሉ ጥንድ ሲጠጋ 48። ለ40 ታቅዶ 34 ቢቀሩም ፓወሩ 74 በመቶ አካባቢ ስለሚሆን መደናገጥ አያስፈልግም። ሊታለፍ የማይገባው ወለል በ2024 የጸደቀው አይሲኤች ኤም13ኤ (ስለ ባዮኢኩቫለንስ ጥናት የወጣ ዓለም አቀፍ መመሪያ) ያስቀመጠው ነው፦ በክሮስኦቨር ከ12 ያላነሱ መረጃቸው የሚተነተን ሰዎች።

ኤዩሲ አለፈ፣ ሲማክስ ወደቀ

ስሌቱ የተሠራው ለኤዩሲ (ወደ ደም የገባው ጠቅላላ የመድኃኒት መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ሲማክስ (በደም ውስጥ የታየው ከፍተኛው መጠን) ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ይዋዥቃል፤ ለሁለቱም አስልተው ትልቁን ይያዙ። የሪፈረንሱ ሲቪ ከ30 በመቶ በላይ ከሆነ ሪፈረንሱ የሚደገምበትን ዲዛይን ያስቡ። በአውሮፓ ደንብ የሲማክስ ወሰን እስከ 69.84–143.19 በመቶ ሊሰፋ ይችላል። ይህም በፕሮቶኮሉ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፣ ነጥብ ግምቱም (ጥናቱ ያገኘው ጥምርታ) ከ80 እስከ 125 በመቶ ውስጥ መቆየት አለበት። በዚያው ደንብ ኤዩሲ በአጠቃላይ አይሰፋለትም፤ ስለዚህ በሰፋው ወሰን ብቻ የተሰላ ቁጥር ኤዩሲን ሊጥል ይችላል።

ጥናቱ አለፈ፣ ፓወሩ ግን 62 በመቶ ወጣ

የሚስተካከል ነገር የለም። ፓወር የእቅድ መሣሪያ ነው፤ ኢንተርቫሉ በሙሉ ወሰኑ ውስጥ ካረፈ ከጥናቱ በኋላ የተሰላው ፓወር ውጤቱን አይለውጠውም፣ ሪፖርቱ ውስጥም መግባት የለበትም።