የቮልስን የጣሪያ ክዳን ለመፍታት አትቸኩሉ

ጣሪያው የሚከፈት አሮጌ ቮልስ ያላችሁ ሰዎች፣ ክረምቱ ሳይገባ ይህችን ያዙልኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1964 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው የጨርቁን ጣሪያ ትቶ በእጅ መዘውር የሚንሸራተት የብረት ክዳን መግጠም ጀመረ። ይህ ክዳን ውሃ ሲያስገባ ሁላችንም የምንኮንነው በዙሪያው ያለውን ጎማ ነው። እኔም አዲስ ጎማ ገዝቼ ገጠምሁ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ወንበሬ ራሰ። ለካ ጎማው ብቻውን ውሃውን ጨርሶ አያግድም። አልፎ የገባው ከክዳኑ ሥር ባለው አሸንዳ ተጠራቅሞ በቀጫጭን ቱቦዎች እንዲወርድ ነው የተሠራው።

ስለዚህ ክዳኑን ክፈቱና በአሸንዳው ማዕዘን ላይ ግማሽ ስኒ ውሃ አፍስሱ። ውሃው ባለበት ከቆመ ቱቦው ተደፍኗል። የብስክሌት ፍሬን ካቮ ወስዳችሁ፣ ጫፉን አለስልሳችሁ በቀስታ እያሽከረከራችሁ አስገቡት። የጎሚስታ አየር ግን እንዳትሞክሩ! ቱቦውን ከመያዣው ሊነቅለው ይችላል፤ ያኔ ጣሪያውን ከውስጥ የሸፈነውን ጨርቅ ማውረድ ሊመጣ ነው።

ዝገት ኖሮ ክዳኑ የግድ ከወጣ፣ ከሥሩ ያሉትን ስስ ዋሸሮች ግራና ቀኝ ለይታችሁ አስቀምጡ። ስትመልሱት ሁለቱ የመጎተቻ ካቮዎች እኩል መነሳት አለባቸው፤ አንዱ በአንድ ጥርስ እንኳ ከቀደመ ክዳኑ ተጣሞ ይነክሳል። የፊት ጠርዙን ደግሞ ከጣሪያው በጥቂቱ፣ አንድ ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ፣ ዝቅ አድርጉት። ከፍ ካለ በቀለበት መንገድ ላይ ሲያፏጭባችሁ ይውላል።