በእርግዝና ጊዜ እግርና ቁርጭምጭሚት ሲያብጡ

ጠዋት ልክዎ የነበረ ጫማ ማታ አልገባ ማለቱ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት አብዛኞቹን ነፍሰ ጡሮች የሚገጥም ነገር ነው። በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም እስከ 50 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እያደገ ያለው ማህፀንም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም መንገድ ስለሚጫን፣ ፈሳሽ ከደም ሥር እየወጣ በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ይጠራቀማል። እንዲህ ያለው እብጠት ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ ቆመው ሲውሉና ሲሞቅ ይብሳል፣ ተኝተው ሲያድሩ ይጎድላል። ይህን የራስዎን እብጠት የቀን ጠባይ ማወቅ ከሁሉም ይቀድማል፤ ከዚህ ጠባይ የወጣውን የሚለዩት በእርሱ ነውና።

የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደምን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ቆመው ወይም ተቀምጠው አይቆዩ፤ ተነስተው ጥቂት ይራመዱ፣ መነሳት ካልቻሉም ቁርጭምጭሚትዎን ያዙሩ፣ የእግርዎን ጣቶች ወደ ላይና ወደ ታች ያጥፉ። ሲያርፉ እግርዎን በትራስ ከፍ አድርገው ጋደም ይበሉ፤ ነገር ግን ሆድዎ ከገፋ በኋላ በጀርባ መንጋለሉ ያንኑ ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ የሚመልሰውን የደም ሥር) ስለሚጫን በጎን መተኛት ይሻላል፤ ዋናው ደም መልስ ከአከርካሪ በስተቀኝ ስለሚያልፍ ደግሞ የግራው ጎን ይመረጣል። እግርን ጠበቅ አድርገው የሚይዙ የሕክምና ካልሲዎች በደንብ የሚጠቅሙት ጠዋት፣ እብጠቱ ሳይጀምር ሲለበሱ ነው። አፋቸው ላይ ብቻ የሚያጠብቁ ተራ ካልሲዎች ግን ደሙን ስለሚያግዱ ይተዋቸው።

እብጠቱን እቀንሳለሁ ብሎ ውሃ መጠጣት መተው ስህተት ነው። ሽንት የሚያሸና መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይውሰዱ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎ አለኝ። ፊትዎ ወይም እጅዎ በድንገት ካበጠ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ሕመም ከተሰማዎት፣ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱና የደም ግፊትዎና ሽንትዎ ይመርመር። የደም ግፊትዎ ልኬት 140/90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው የእርግዝና የደም ግፊት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ይህም እናትንም ጽንስንም ለአደጋ ያጋልጣል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከታመመ፣ ከቀላና ከሞቀ ደግሞ የደም መርጋት ስለሚያጠራጥር እግሩን በእጅ አይሹት፣ በፍጥነት ይታዩ፤ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ጉዳዩ ድንገተኛ ነው። ከወሊድ በኋላም እግር ለጥቂት ቀናት አብጦ ሊቆይ ይችላል፤ እነዚህን ምልክቶች ግን ቢያንስ እስከ 6 ሳምንት ድረስ መከታተል ያስፈልጋል።