የሚድዋይፈሪ ማስተርስ ለምትማሩ፦ ርዕስ ከማጽደቃችሁ በፊት ካርዱን እዩ

በሚድዋይፈሪ ማስተርስ የምትማሩ፣ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ከማጽደቃችሁ በፊት መረጃው የሚወጣበትን የወላዶች የሕክምና ካርድ በዓይናችሁ እዩት።

ብዙ ተማሪ ርዕሱን የሚመርጠው የሌሎችን ጥናት አንብቦ ነው። ፕሮፖዛሉ ያምራል፣ አማካሪውም ይስማማል። ካርድ ክፍል ሲገባ ግን ፓርቶግራፉ፣ ማለትም የምጡ ሂደት የሚመዘገብበት ቅጽ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ ተሞልቷል። የፅንሱ የልብ ምት ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በ5ኛው ደቂቃ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳየው ነጥብ (አፕጋር) የለም። የፈሰሰው ደም መጠን ላይ ሰረዝ ተሰምሯል። በዚህ ምን ይተነተናል?

ስለዚህ ቀድማችሁ ከሆስፒታሉ ፈቃድ ጠይቁና 20 ወይም 30 ካርድ አውጥታችሁ ተመልከቱ። የምትፈልጉት ነገር በአብዛኛው ካልተሞላ፣ ጊዜ ሳታባክኑ ርዕሱን ቀይሩ። ወይም መረጃውን ራሳችሁ ከወላዶቹ እንድትሰበስቡ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

የቅጹንም ዓይነት አጣሩ። በነባሩ ፓርቶግራፍ ምዝገባው የሚጀምረው ማህፀን በር 4 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ግን ከ5 ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መቀላቀል ውጤቱን ያዛባል።

ማዋለጃ ክፍል ያሉትን አዋላጆችም ጠይቁ። የትኛው ቦታ እንደማይሞላ፣ ለምን እንደማይሞላም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በአንድ ሌሊት ብዙ ምጥ ለብቻዋ የምትከታተል አዋላጅ መጀመሪያ የምትደርሰው ለእናትየው ነው፣ ወረቀቱ ይቆያል።