ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዘው ሲጋራ ለሚያጨሱ፦ እነዚህን ስህተቶች ያስወግዱ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት እዚሁ ድሬዳዋ የቡአ ኦፕራሲዮን አደረገ። በሳምንቱ ስፌቱ ቀላ፣ አበጠ፣ መግል ቋጠረ። ሲጋራው ብቻ ነው ያመረቀዘው አልልም። ግን ከሲጋራው ጋር የሠራቸው ስህተቶች ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ በኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት «ፍርሃቴን ላብርድ» ብሎ አንድ ፍሬ መለኮስ ነው። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ይህ ጋዝ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን 200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ከዚራ ሰፈር ደርሶ «አልወርድም» እንደሚል የባጃጅ ተሳፋሪ አስቡት፤ ወንበሩ ተይዟል፣ ኦክስጅን ቆሞ ይቀራል። ኒኮቲኑ ደግሞ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ማለትም መንገዱም ጠበበ። ቁስል ያለ ኦክስጅን አይገጥምም። ባክቴሪያን የሚገድሉት ነጭ የደም ሴሎችም ኦክስጅን ካጡ ጉልበታቸው ይደክማል።

«ጣቴ ላይ የሰኩት የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ 98 አለ እኮ!» የሚልም አለ። አቦ፣ የተለመደው መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለይም። ቁጥሩ ያማረ ይመስላል እንጂ ለአጫሽ ማስረጃ አይሆንም።

ሌላው «ከዋዜማው ካቆምኩ ይበቃል» ነው። ማቆሙስ ይጠቅማል፤ ጋዙ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። የሰውነት መከላከያ ግን እንደዚያ በቶሎ አያገግምም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው ምክር 4 ሳምንት ያህል አስቀድሞ ማቆም ነው። ቀጠሮው ቢቀርብም ያቁሙ። «በድንገት ማቆም ይጎዳል» የሚባለውን ጥናቶች አልደገፉትም።

ሺሻስ? «ውሃው ያጣራዋል» ይላሉ። ውሃ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም፤ ከላይ የተቀመጠው ከሰል ራሱ ጋዙን ያመርታል። በነገራችን ላይ፣ ጠያቂ ሲመጣ በሽተኛው ክፍል በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠልም ያው ነው። ቡናው በረንዳ ይውጣ።

ከኦፕራሲዮን በኋላ በርጫ ላይ መቀመጥም ችግር ነው። ምርቃናው ሲመጣ እጅ ወደ ፓኬቱ ይሄዳል፤ ቁስሉ ደግሞ ገና እየገጠመ ነው። ቢያንስ እስኪድን ድረስ ከዚያ ጨዋታ ይራቁ።

ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው መደበቅ ነው። እኛ ጋ ልጅ ታላቅ ፊት አያጨስም፤ ነውር ነው። የአክስቴ ልጅ እናቱን ይዞ ነበር ምርመራ የገባው። ሐኪሙ «ታጨሳለህ?» ሲለው «ኧረ በፍጹም!» አለ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያም ይህንኑ አነበበ። አጅቦ የመጣውን ሰው «እስቲ ለደቂቃ ውጭ ጠብቁኝ» ማለት ይቻል ነበር። ቁስሉ ድኗል፤ ካርዱ ላይ ግን እስከ ዛሬ «አያጨስም» ይላል።