ቀልቡ አልሰበሰብ ያለ፣ ትምህርት የከበደው ልጅ፦ ከየት ይጀመራል?

"ሲፈልግማ ይችላል!" ትምህርት የሚከብደው ልጅ ያለበት ቤት ይቺ አባባል አትጠፋም። ማስረጃውም ዝግጁ ነው። ጌም ላይ ሁለት ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፤ የቤት ሥራ ሲባል ግን አምስት ደቂቃ አይቆይም። ታዲያ ይሄ ስንፍና ካልሆነ ምንድን ነው?

ጌሙ ግን ማስረጃ አይሆንም። ጌም በየሰከንዱ አዲስ ነገር ያመጣል፣ ወዲያው ይሸልማል። ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግር ያለበት ልጅ ጭራሽ ትኩረት የለውም ማለት አይደለም። የሚያቅተው ቀልቡን ወደተፈለገው ነገር መመለስና እዚያው ማቆየት ነው። ነገሩ አሰልቺ ከሆነ፣ ውጤቱም ሩቅ ከሆነ ይብስበታል። ንባብ ላይ የሚመጣው ዲስሌክሲያ ሌላ ችግር ነው፤ ሒሳብ ላይ የሚመጣው ዲስካልኩሊያም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ግን ተደራርበው ይመጣሉ። እነዚህ ችግሮች ያሉበት ልጅ ደደብ አይደለም፤ የአስተዳደግ ጉድለትም አያመጣቸውም።

ስለዚህ "ለምን አይፈልግም?" የሚለውን ጥያቄ እንተወው። የሚጠቅመው ጥያቄ "የቱ ጋ ነው የሚያዝበት?" የሚለው ነው።

1. የሚያዝበትን ቦታ ፈልጉ

ለሁለት ሳምንት ያህል ያያችሁትን ማስታወሻ ላይ ጻፉ። "ዛሬም አስቸገረኝ" የሚል ማስታወሻ ለማንም አይጠቅምም። የሆነውን እንዳለ አስፍሩት፦ "የቤት ሥራህን አውጣ አልኩት። ቦርሳውን ከፈተ። እርሳስ ሲፈልግ የተሰበረ ማስመሪያ አገኘ። በማስመሪያው መጫወት ጀመረ። ስመለስ ደብተሩ ገና አልወጣም።" ይሄ ልጅ ሒሳቡ አቃተው ለማለት ያስቸግራል፤ ሒሳቡ ጋ መቼ ደረሰና! የተያዘው መጀመሩ ላይ ነው። ሌላው ልጅ ደግሞ ቶሎ ይጀምራል፣ በቃል ስትጠይቁትም ድምሩን ቁጭ ያደርገዋል። ጥያቄው በጽሑፍ ሲመጣ ግን ይፈዛል። እሱን የያዘው ንባቡ ነው።

ንባብን ለመፈተሽ ቀላል ዘዴ አለ። ከ"ሀ ሁ ሂ" ጀምሮ እያዜመ የሚወርድ ልጅ ፊደል ለይቷል ማለት አይደለም። ዜማውን ሸምድዶት ይሆናል። ገበታው መሃል ጣታችሁን አስቀምጡና "ይቺ ማናት?" በሉት። "ሞ" ለማለት ከ"መ" ተነስቶ በጣቱ እየቆጠረ የሚመጣ ከሆነ ፊደሏን ገና አላወቃትም። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ገጹን በቃሉ ይዞት እንደሆነ ለማወቅ ከታችኛው መስመር አስጀምሩት።

"ሰ"ን ከ"ለ"፣ "ቀ"ን ከ"ተ" ማምታታት ጀማሪ ልጅ ላይ አያስደነግጥም። በደንብ እየተማረ ከዓመት ዓመት ካልለቀቀው ግን መታየት አለበት። ዲስሌክሲያ ብዙ ሰው እንደሚመስለው የዓይን ችግር አይደለም። ዋናው ችግር የቃሉን ድምፆች ለይቶ መስማትና ከፊደሉ ጋር ማገናኘት ላይ ነው።

2. ስም ከማውጣታችሁ በፊት ጤናውን አስመርምሩ

ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ይቁነጠነጣል። በደንብ የማይሰማም ትእዛዝ የናቀ ይመስላል። ስለዚህ ዓይኑና ጆሮው በቅድሚያ ይታዩ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንደ አዋቂ ድብት አይልም፤ ብዙ ጊዜ ይባስ ይቅበጠበጣል። ሲተኛ የሚያንኮራፋ ከሆነ ይሄንንም ለሐኪሙ ንገሩት። የደም ማነስ፣ ጭንቀት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያሸማቅቀው ልጅ መኖሩ፣ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ፣ ሁሉም ቀልብ ይሰርቃሉ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። በመሃል ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብሎ፣ ስሙ ሲጠራም ሆነ ሲነካ ሳይመልስ ቆይቶ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ኤዲኤችዲን የሚለይ የደም ምርመራ የለም፤ የጭንቅላት ራጅም አይለየውም። ባለሙያው የሚያየው ምልክቶቹ ቢያንስ ለ6 ወር መቆየታቸውን፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን፣ ከአንድ በላይ ቦታ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየታቸውን ነው። የጻፋችሁት ማስታወሻ እዚህ ጋ ዋጋ አለው። ደግሞ ሁሉም አይንቀዠቀዥም። ዝም ብላ መስኮቱን እያየች ክፍለ ጊዜው የሚያልቅባት ልጅም ኤዲኤችዲ ሊኖርባት ይችላል። ማንንም ስለማትረብሽ "ጨዋ ናት" ተብላ ትታለፋለች። በተለይ ሴት ልጆች ዘግይተው የሚታወቁት ለዚህ ነው።

3. ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

በመውጫ ሰዓት በር ላይ ቆሞ የሚደረግ ወሬ አይበቃም። ቀጠሮ ያዙ። "ልጄ እንዴት ነው?" ካላችሁ "ጎበዝ ነው፣ ግን ይዘናጋል" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ጥያቄውን አጥብቡት፦ በየትኛው ክፍለ ጊዜ ይብስበታል? ሲያዳምጥ ነው ወይስ ከሰሌዳ ሲገለብጥ? ብቻውን ሲሠራ ነው ወይስ በቡድን?

ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ለምኑ። ክፍል ሙሉ ተማሪ የያዘ መምህር ላይ አስር ጥያቄ መደርደር፣ አንዱም እንዳይሆን ማድረግ ነው። በእኔ ግምት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መቀመጫ ነው፤ ከፊት፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ፣ ረጋ ካለ ልጅ አጠገብ። ለቅጣት አለመሆኑ ግን ለልጁ ይነገረው። ሁለተኛው እንደየልጁ ይለያያል። መገልበጥ የሚያደክመው ከሆነ ጥያቄዎቹ ተጽፈው ይሰጡት፤ ወይም ከሃያው አስሩን ብቻ ይሥራ። አስሩን ከሠራ መቻሉ ታውቋል። ንባብ የሚከብደው ከሆነ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው፣ ጥያቄው ይነበብለት፣ ሲቻል በቃሉ ይመልስ። ድንገት "ተነስና አንብብ" አይባል። ነገ የሚያነበው አንቀጽ ዛሬ ቢነገረው ቤት ተለማምዶ ይመጣል።

የሚቁነጠነጠውን ልጅ ደብተር አድል፣ ሰሌዳ አጥፋ ማለት ትልቅ እረፍት ነው፤ ለመምህሩም ጭምር። እረፍት መከልከል ግን ቅጣቱ የሚዞረው ወደ ቀጪው ነው። ሳይሮጥ የተመለሰ ልጅ ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደሚያሳልፍ መገመት አያቅትም።

4. ቤት ውስጥ አነጋገራችሁን ለውጡ

ከማድ ቤት ሆኖ "ልብስህን ቀይር፣ እጅህን ታጠብ፣ የቤት ሥራህን አውጣ!" ብሎ መጮኽ አይሠራም። ሦስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ሲፈጽም ሌሎቹ ከጭንቅላቱ ጠፍተዋል። አጠገቡ ሂዱ፣ ዓይኑን እዩት፣ አንድ ነገር ንገሩት፣ "ምን አልኩህ?" ብላችሁ አስደግሙት። ሲጨርስ ወደ ሁለተኛው እለፉ። አሰልቺ ነው፤ ቀን ሙሉ ከመጮኽ ግን ይቀላል።

የቤት ሥራ ሰዓት በየቀኑ አንድ ይሁን። ጠረጴዛው ላይ የዛሬው ደብተርና እርሳስ ብቻ ይቀመጥ፤ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ የእናንተም ስልክ ይርቃል። የመጀመሪያዋን ጥያቄ አብራችሁ ሥሩ፤ ምክንያቱም መጀመር ነው ከባዱ። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሥራ፣ 5 ደቂቃ ይነሳ። ሰዓቱ የሚያየው ቦታ ይሁን። በእረፍቱ ይዝለል፣ ውኃ ይጠጣ፣ ስልክ ግን አይሰጠው። ከስልክ መመለስ ሌላ ጦርነት ነው።

ምስጋናው ወዲያውና በስም ይሁን። "ጎበዝ" ብቻ ብዙም አይነግረውም። "ሳልነግርህ ደብተርህን አወጣህ" ስትሉት ምን እንደሠራ ያውቃል። ዓመቱን ሲያልፍ ሳይክል እንገዛልሃለን ማለት ለዚህ ልጅ ከንቱ ተስፋ ነው፤ ዓመቱ አይታየውም። ዛሬ ማታ አብሮ መጫወት ይታየዋል። ቅጣት ካስፈለገም አጭርና ወዲያው ይሁን። ዱላና ስድብ ትኩረት አያመጡም። መደበቅና መዋሸት ያስተምራሉ።

ለንባብ በቀን 10 ወይም 15 ደቂቃ በቂ ነው፤ ግን በየቀኑ። በድምፅ ጨዋታ ጀምሩ፦ "ሰማይ" ላይ "ሰ"ን ብናወጣት ምን ይቀራል? ከዚያ አንድ መስመር እናንተ፣ አንድ መስመር እሱ። ተረት ሲጽፍ ሐሳቡን አድንቁ፣ የፊደል ስህተቱን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በቀይ የተሞላ ገጽ ያየ ልጅ ቀጥሎ ሁለት መስመር ብቻ ይጽፋል።

5. ስለ መድኃኒት

ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የሚቀድመው ለወላጆች የሚሰጥ የአያያዝ ሥልጠና ነው። ከፍ ላሉት ሐኪም እንደ ሜቲልፌኒዴት ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ብዙዎችን ይረዳል፤ ምግብ የመብላት ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ሊያስቸግር ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። የሐኪም ሥራ ስለሆነ ከጎረቤት ተጠይቆ አይጀመርም፣ በራስ ፈቃድም አይቋረጥም። ዲስሌክሲያን ግን አይነካም። ቀልቡ የተሰበሰበለት ልጅም ማንበብ መማር ይቀረዋል። ስኳር ያቅበጠብጣል የሚባለውም በጥናት አልተረጋገጠም። ለጥርሱ ብላችሁ ቀንሱለት።

6. ለልጁ ራሱ ንገሩት

ካልነገራችሁት ሌላ ስም ለራሱ ያወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ "ደደብ ነኝ" የሚል። በአጭሩ በሉት፦ "ጭንቅላትህ አሰልቺ ነገር ላይ መቆየት ይከብደዋል። ለዚህ ነው ሰዓት የምናስቀምጠው።" ኤዲኤችዲ ብዙ ጊዜ በቤተሰብ የሚወርድ ነገር ስለሆነ፣ ከእናንተ አንዳችሁም ልጅ ሳላችሁ እንደዚያው ነበራችሁ ይሆናል። ከሆነ አትደብቁት።

7. ክፍል ሲቀይር

በዓመቱ መጨረሻ ከአሁኑ መምህር ጋር ሆናችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፦ የቱ ጋ እንደሚያዝ፣ ምን እንደረዳው፣ ምን ተሞክሮ እንዳልሠራ፣ ሲናደድ ምን እንደሚያበርደው። አዲሱ መምህር እጅ የሚገባው ትምህርት ሊጀመር ሲል ይሁን። የመጀመሪያውን ፈተና እስኪወድቅ አትጠብቁ።