«ኤአይ ነው የምማረው» ካላችሁ በኋላ ምን ትላላችሁ?

ግቢ የገባችሁበት የመጀመሪያ ሳምንት ራስን ማስተዋወቅ የማያልቅ ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ ተነሡ ትባላላችሁ። ዶርም ውስጥ ትጠየቃላችሁ፤ ካፌ ሰልፍ ላይም አይቀርላችሁም። ሁሉም ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ይላል፦ «ስሜ እገሌ ይባላል፣ የመጣሁት ከእንትን ነው፣ ትርፍ ጊዜዬን መጽሐፍ በማንበብና ሙዚቃ በመስማት አሳልፋለሁ።» ወረፋው መሃል ላይ ሲደርስ የሚሰማ ሰው የለም።

እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሦስተኛ ዓመት ደርሻለሁ። ትኩረቴ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ላይ ነው። ያደግኩት እዚሁ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ስለሆነ ራሴን የማስተዋውቀው ለክፍል ልጆች ብቻ አይደለም። ቡና ለሚጠሩን ጎረቤቶች፣ ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ለእናቴ ጓደኞችም ጭምር ነው። አንድ ነገር ብቻ ልምከራችሁ፦ የትምህርቱን ስም ትታችሁ በእጃችሁ የምትሠሩትን ነገር ተናገሩ። የሚሰማችሁ ሰው በሚያውቀው ነገር በኩል ግቡ።

ስምና ሰፈር

ስማችሁን ጮክ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ከዚያ የመጣችሁበትን ስትናገሩ የከተማውን ስም ብቻ ጥላችሁ አትለፉ። «ከደብረ ብርሃን ነኝ፤ ብርድ ለምጄ ነው የመጣሁት፣ የእናንተ ዝናብ ግን ሌላ ነው» ያለች ልጅ ወዲያው ወሬ ይከፈትላታል። የጅማ ልጅ ከሆናችሁ ደግሞ «ከጅማ» የሚለው መልስ አይሆንም። ጊንጆ ነው? ሂርማታ? ጅሬን? ሰፈር ካልጠራችሁ ጥያቄው ይቀጥላል።

ሰላምታውን አትርሱ። እዚህ ከተማ «አካም ጅርቱ?» ብሎ የጀመረ እንግዳ ወንበር ይሳብለታል። አማርኛው ከዚያ ይቀጥላል።

ቡና ላይ ስትጠየቁ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎረቤት ቡና ተጠርታችኋል። እጣኑ ይጨሳል፣ ሲኒው ተደርድሯል። እማማ ወደ እናንተ ዞር ይላሉ። «ምንድን ነው የምትማሪው፣ የኔ ልጅ?»

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብትሉ «እግዜር ይርዳሽ» ይባላል፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። «ማሽን ለርኒንግ» (ኮምፒውተር ከምሳሌ እንዲማር ማድረግ) ብትሉ ደግሞ የልብስ ስፌት የምትማሩ ሊመስላቸው ይችላል። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦

«እማማ፣ የቡና ቅጠል ሲታመም ከጀርባው ብርቱካን የመሰለ ዱቄት ያወጣ የለ? ያንን ኮምፒውተር ፎቶ አይቶ እንዲለየው ነው የማስተምረው።»

ጅማ ውስጥ ዘመዱ ጓሮ የቡና እግር የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ሁሉም ቀና ይላል። ቀጥሎ «ኮምፒውተር እንዴት ነው የሚማረው?» መምጣቱ አይቀርም። ይሄኔ ነው መዘጋጀት የሚያስፈልገው። የእኔ መልስ ይኸው፦

«የታመመና ያልታመመ ቅጠል ፎቶ በብዛት እሰጠዋለሁ። የትኛው ጤነኛ፣ የትኛው በሽተኛ እንደሆነ አዋቂ ሰው እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ጽፎበታል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይገምታል። ሲሳሳት ስህተቱ ይለካና ውስጡ ያሉት ቁጥሮች ትንሽ ትንሽ ይስተካከላሉ። ደግሞ ይገምታል፣ ደግሞ ይስተካከላል። መጨረሻ ላይ አይቶት የማያውቀውን ፎቶ ሰጥቼ እፈትነዋለሁ።»

ልብ በሉ፣ አንድም «አልጎሪዝም» አልተነሣም። ግን የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ለክፍል ጓደኛዬ ብናገርም ቃሉን እቀይራለሁ እንጂ ነገሩን አልቀይርም።

አጋጣሚ ካገኛችሁ እናንተም ጠይቁ። የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁረው በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ዕድሜ የጠገቡ ገበሬዎች ስለዚያ ዘመን የሚያወሩት አያጡም። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ቡና የሚመራመር የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ እዚያ የሠራ ዘመድ ያለው ሰው ቡናው ላይ ከተገኘ ደግሞ ወሬው ከእናንተ እጅ ይወጣል። ይውጣ። ራስን ማስተዋወቅ ማለት አንድ ሰዓት ስለ ራስ ማውራት አይደለም።

ቡና የማይሆንበት ሰው ሲያጋጥማችሁ ሌላ ምሳሌ ፈልጉ። ለጤና ተማሪ የደረት ራጅን በምሳሌነት ጥቀሱለት። ለባጃጅ ሾፌር ስልኩ ላይ መንገድ የሚያሳየውን ካርታ።

ሁለት ጥያቄዎች የትም አይቀሩላችሁም። አንደኛው፦ «ታዲያ ስልኬን ትሠሪልኛለሽ?» አትቆጡ። ከቻላችሁ ሥሩላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ሞልቶ ነው፣ ተደጋጋሚ ቪዲዮዎችን ስታጠፉ ይድናል። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ «ኤአይ ሥራችንን ሊወስድብን ነው አሉ?» አዎም አይም አትበሉ። «የትኛውን ሥራ?» ብላችሁ ጠይቁና እሱን ለይታችሁ አውሩ። የቡናው ፕሮግራም የበሽታውን ስም ይናገራል፤ መገረዙ፣ መንቀሉ፣ እንደገና መትከሉ የገበሬው ነው። የትርጉምና የጽሕፈት ሥራ ላይ ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እሱንም ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ።

መምህር ወይም ቃለ መጠይቅ አድራጊ ፊት

እዚህ አጠር በሉ፤ ግን ጠንከር ያለ ነገር ይኑራችሁ። «ለኤአይ ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» የሚለውን ተዉት፤ ከእናንተ በፊት የገባውም ብሎታል። በየትኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ እንደምትጽፉ (እኔ በፓይተን)፣ የትኛው ሒሳብ እንደሚቀላችሁና የትኛው እንደሚያስለፋችሁ፣ አሁን የያዛችሁትን ሥራ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። የራሳችሁ ጠንካራ ኮምፒውተር ከሌላችሁ አትፈሩ። እኔም የለኝም። ጉግል ኮላብ ላይ ነው የምሠራው፣ በኢንተርኔት የጉግልን ኮምፒውተር እየተጠቀምኩ፤ ኔትወርኩ ሻል የሚለው ሌሊት ስለሆነ መብራት እስካለ ድረስ ሌሊት።

«ሞዴሌ (ያስተማርኩት ፕሮግራም) ከመቶ ዘጠና ምናምን ያገኛል» ልትሉ ከሆነ ተጠንቀቁ። የሚያውቅ ሰው ወዲያው «ፎቶዎቹ የት ተነሡ?» ይላችኋል። የታመሙት ቅጠሎች በሙሉ ነጭ ወረቀት ላይ፣ ጤነኞቹ ደግሞ ዛፉ ላይ እያሉ ከተነሡ፣ ኮምፒውተሩ የለየው በሽታውን ሳይሆን ወረቀቱን ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ያምራል፣ ማሳ ላይ ግን አይሠራም። ይህንን ሳትጠየቁ ራሳችሁ ካነሣችሁት መምህሩ ወንበሩን ወደ እናንተ ያስጠጋል።

ትርፍ ጊዜ

ማንበብ፣ ሙዚቃ፣ መጓዝ። ምንም አይልም፣ ከልብ ከሆነ። ግን ሁለተኛ ጥያቄ መምጣቱን አስቡ። «ማንበብ» ብላችሁ «አሁን ምን እያነበብሽ ነው?» ስትባሉ ዓይናችሁ ጣሪያ ላይ ከወጣ አለቀ። ደፍራችሁ እውነተኛውን ተናገሩ፤ ሹራብ መሥራትም ይሁን ወጥ መሥራት።

የእኔ ዳማ ነው። ባጃጅ ሾፌሮች ተራ ሲጠብቁ ጥላ ሥር የሚጫወቱት። ሰሌዳው በእስክሪብቶ የተሰመረ ካርቶን ነው፤ መሃሉ ከመታጠፍ ብዛት ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ጠጠሮቹ ቆርኪ ናቸው። የአንዱ ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ተገልብጦ ይደረደራል። በጎን ቆመው የሚያዩት ከተጫዋቹ በላይ ይጮኻሉ፤ ሴት ስትቀመጥ ደግሞ ጩኸቱ ይጨምራል። ይህን ስናገር ክፍሉ ይስቃል፤ ከዚያ አንዱ «ነገ እንጋጠም» ይለኛል። ጓደኛ የሚገኘው በዚህ ነው።

ዳማ ከትምህርቴ ጋር የገጠመው ሳላስበው ነው። አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው አርተር ሳሙኤል እየተጫወተ የሚሻሻል የዳማ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ጽሑፍ «ማሽን ለርኒንግ» የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የካናዳ ተመራማሪዎች በስምንት በስምንት ሰሌዳ የሚደረገውን የእንግሊዞቹን ዓይነት ዳማ ፈትተውታል፦ ሁለቱም ወገን ምንም ሳይሳሳት ከተጫወተ አቻ ነው የሚያልቀው። ይህንን ለሾፌሮቹ ነግሬያቸው ነበር። አንዱ «ከእኔ ጋር ስላልተጫወቱ ነው» አለ።

እናንተም እንዲህ የሚገጥም ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ግን በግድ አታጋጥሙ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግር መውጣት እወዳለሁ፤ እሱ ከኮምፒውተር ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ለዚያም ነው የምወደው።

ሲገጣጠም

ክፍል ውስጥ የምለው በግምት ይህን ያህላል፦

«ሰላም። የኮቺ ልጅ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመት ኮምፒውተር ሳይንስ። አሁን ኮምፒውተር የታመመ የቡና ቅጠል በፎቶ እንዲለይ እያስተማርኩ ነው። ጓሮው ቡና ያለው ሰው ካለ ፎቶ እፈልጋለሁ። ከትምህርት ውጭ ዳማ እጫወታለሁ፣ በቆርኪ። መጋጠም የሚፈልግ ካለ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ነኝ።»

ስሜን መጀመሪያ እላለሁ፤ እዚህ ስላልጻፍኩት ነው። መሃል ላይ ያለችውን የፎቶ ጥያቄ አትዝለሏት። ሰው አንድ ነገር ሲጠየቅ ያስታውሳችኋል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከሆነ ያንኑ በሦስት መስመር ጻፉ፤ ሰርተፍኬት አትለጥፉ።

ከእናንተ ቀጥሎ የሚነሣውን ደግሞ ስሙት፤ ስልክ አትነካኩ። ስሙ ካመለጣችሁ እዚያው «ይቅርታ፣ ማን አልከኝ?» በሉ። ሴሚስተሩ ሲጋመስ መጠየቅ ያሳፍራል።