የባልጩት ጠመንጃ ለጀማሪ፦ ከድንጋዩ ስለት እስከ ማታው እጥበት

በባልጩት ጠመንጃ እሳቱን የሚሰጠው ድንጋዩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሳቱ ግን የብረቱ ነው። የባልጩቱ ስለት ብረቱን ሲልጠው የሚረግፈው ቅንጣት አየር ላይ ይነድዳል፤ ፍንጣሪ የምንለው ያንን የሚነድድ ብረት ነው። ድንጋዩ ስለታም ቢላዋ ነው እንጂ ክብሪት አይደለም። ይህን የያዘ ጀማሪ ጠመንጃው እምቢ ሲለው የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።

ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። መዶሻው ባልጩቱን በመንጋጋው ይይዛል። ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚመታው የፍንጣሪ ብረት ነው፤ የእሱ እግር ደግሞ የትንሿ የባሩድ ሳህን ክዳን ነው። መዶሻው ሲወርድ ብረቱ ይላጣል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ፍንጣሪው ሳህኑ ላይ ይረግፋል። የሳህኑ ነበልባል በቱቦው ጎን ባለችው 1.6 ሚሊሜትር አካባቢ ስፋት ባላት ቀዳዳ ገብቶ ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። መዶሻውን ስትስቡ አንዴ ቀጭ ሲል ግማሽ ላይ ይቆማል፤ በዚህ ቦታ ምላጩ መልቀቅ የለበትም። ባዶ ጠመንጃ ላይ ምላጩን ጫን ብላችሁ ሞክሩት፤ ከለቀቀ ባለሙያ ሳያየው ባሩድ አታጉርሱበት።

ከሁሉ በፊት ግን ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ለብዙ ዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጠመንጃ እንደጎረሰ ሊሆን ይችላል። መጎስጎሻ ዘንጉን እስከ ታች ስደዱና በአፈሙዙ ጫፍ ልክ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያ አውጥታችሁ በውጭ በኩል ከቱቦው ጋር ለኩት። ጫፉ እሳት ቀዳዳዋ አጠገብ ከደረሰ ባዶ ነው። ጥቂት ሴንቲሜትር ከቀረው ውስጡ የሆነ ነገር አለ።

ባልጩቱን ማሰር

ባልጩቱን በቆዳ ቁራጭ ጠቅልሉት። የቆዳው እጥፋት ላይ ትንሽ ብትበሱት የመንጋጋው ብሎን በቀዳዳው ያልፍና ድንጋዩ ወደ ኋላ በደንብ ይቀመጣል። መዶሻው ግማሽ ላይ፣ ክዳኑ ዝግ ሆኖ የባልጩቱ ጠርዝ ከብረቱ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ይራቅ። ጠርዙ ዳር እስከ ዳር ከብረቱ ፊት ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ጠማማ ከሆነ በአንድ ጥጉ ብቻ እየነካ ቶሎ ይሰበራል። ቱቦውንም እንዳይፋቅ ተመልከቱ።

አሁን ጨለምለም ባለ ቦታ የባዶውን ጠመንጃ መዶሻ እስከ መጨረሻ ስባችሁ ምላጩን ሳቡ። ነጣ ያለ፣ ብዛት ያለውና ሳህኑ ውስጥ የሚወድቅ ፍንጣሪ ጥሩ ነው። ቀይ ሆኖ ወዲያው የሚጠፋ ጥቂት ፍንጣሪ ድንጋዩ መደንዘዙን ወይም ብረቱ በቂ ጥንካሬ እንደሌለው ይናገራል። ብረቱ ላይ ዘይት ካለም እንዲሁ ነው፤ በአልኮል ጥረጉት። ከጥቂት ምት በኋላ ቆዳው ስለሚጨመቅ ብሎኑን እንደገና አጥብቁ። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ የላላ ባልጩት ደግሞ ምንም ያህል ቢሳል አይላጭም።

ባሩድ፣ አረርና ጨርቅ

የሚያስፈልገው ጥቁር ባሩድ ነው፤ የፖታሲየም ናይትሬት (ሳልትፒተር)፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ። ጭስ አልባ ባሩድ በጥቂቱም ቢሆን በዚህ ቱቦ ውስጥ አይገባም፤ ቱቦውን ይቀድደዋል፣ ሰውም ይገድላል። በጥቁር ባሩድ ምትክ የሚሸጡት ድብልቆችም ለመቀጣጠል የሚፈልጉት ሙቀት ከፍ ያለ ስለሆነ ለባልጩት አይሆኑም።

ለ.50 ካሊበር (12.7 ሚሊሜትር) ጠመንጃ ጥሩ መነሻ ይህ ነው፦ 50 ግሬን፣ ማለትም 3.2 ግራም ገደማ፣ ሦስት ኤፍ የተባለው ደቃቅ ባሩድ፤ .490 ኢንች (12.45 ሚሊሜትር) ድቡልቡል የእርሳስ አረር፤ 0.38 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ። እርሳሱ ንጹሕና ለስላሳ ይሁን። ጨርቁን በሰምና በወይራ ዘይት ቅልቅል አርሱት። ሰው ሠራሽ ክር ያለበት ጨርቅ ቱቦው ውስጥ ስለሚቀልጥ አይሆንም። የጠመንጃው ሠሪ ያስቀመጠው የባሩድ ጣሪያ ካለ ከእሱ አትለፉ።

ማጉረስ

ክዳኑን ክፈቱ፣ መዶሻውን አውርዱ፣ ሳህኑም ባዶ ይሁን። አፈሙዙን ከፊታችሁና ከሰውነታችሁ አርቁ። ባሩዱን ከባሩድ መያዣው ቀንድ ወደ መስፈሪያው ቅዱ፣ የቀንዱን ውታፍ ግጠሙ፣ ከዚያ ከመስፈሪያው ወደ ቱቦው አፍስሱ። ከቀንዱ በቀጥታ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ካለፈው ተኩስ የተረፈ አንድ ፍም ቢኖር የሚቀጣጠለው መስፈሪያ ሙሉ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያለው ቀንድ ሙሉ ባሩድ ነው።

የቱቦውን ጎን በመዳፍ መታ መታ አድርጉ። ጨርቁን አፈሙዙ ላይ ዘርጉ፣ አረሩን መሐሉ ላይ አስቀምጡ፣ በአጭሩ መግፊያ አስገቡት። በረጅሙ ዘንግ ስትገፉ ዘንጉን ከአፈሙዙ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ያዙ፣ ገፋ አድርጉ፣ እንደገና ያዙ። ከሩቅ ይዞ መግፋት እንጨቱን ይሰብርና ስንጥሩ መዳፍ ይወጋል። አረሩ ባሩዱ ላይ ሲያርፍ ዘንጉ ላይ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ በየተኩሱ ምልክቱ አፈሙዙ ላይ መድረስ አለበት፤ በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ካለ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። መንገድ ላይ የተሰነቀረ አረር አይተኮስም።

ሳህኑ ባሩድ የሚቀበለው ተኩስ መስመር ላይ ቆማችሁ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው ዞሮ ብቻ ነው። መዶሻውን ግማሽ ላይ አድርጉ፣ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ውጉ፣ የሳህኑን አንድ ሦስተኛ ሙሉ፣ ክዳኑን ዝጉ። ብዙ መጨመር የሚረዳ ይመስላል፣ ግን ያዘገያል፦ ባሩዱ ቀዳዳዋን ከደፈናት ነበልባሉ ዘልሎ በመግባት ፈንታ እንደ ክር እየነደደ ይሄዳል፤ «ፍስስ» ካለ በኋላ ነው የሚተኩሰው። ሳህኑ ውስጥ ያለው ባሩድ ከቀዳዳዋ በታች ይሁን።

የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ከቀዳዳዋ ወደ ጎን እሳት ስለሚወጣ በዚያ በኩል ማንም አይቁም። መዶሻውን እስከ መጨረሻ ስባችሁ ምላጩን ከሳባችሁ በኋላ ዒላማውን ማየታችሁን አታቋርጡ፤ ሳህኑ ሲበራ የሚደነግጥ ሰው አረሩ ሳይወጣ አፈሙዙን ያነቃንቀዋል። በ25 ሜትር ጀምሩ። አምስት አምስት እየተኮሳችሁ ባሩዱን በ5 ግሬን ጨምሩ፣ ዒላማው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ይበልጥ የተሰበሰቡበትን ልክ ያዙ፤ ለ.50 ካሊበር ብዙውን ጊዜ ከ70 ግሬን ማለፍ አያስፈልግም።

እምቢ ሲል

ካልተኮሰ አፈሙዙን ከዒላማው ሳትነቅሉ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ፍንጣሪ ከሌለ ጉዳዩ ድንጋዩ ወይም ብረቱ ነው። ሳህኑ ነድዶ ዋናው ካልተያዘ ቀዳዳዋ ተደፍናለች፤ በሽቦ ውጉና ሳህኑን እንደገና ሙሉ። አሁንም ካልሆነ ምናልባት ባሩድ ረስታችሁ አረር ብቻ ጎስጉሳችኋል። ይህ በሁሉም ላይ ይደርሳል። በቀዳዳዋ በኩል ጥቂት ደቃቅ ባሩድ አስገቡ፣ አረሩን እንደገና እስከ ታች ግፉት፣ ሳህኑን ሙሉና ወደ ዒላማው ተኩሱ።

የተተኮሱትን ጨርቆች መሬት ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ይናገራሉ። መሐሉ ጠቆር ብሎ ዙሪያው ሙሉ የሆነ ጨርቅ ደህና ነው። መሐሉ ተቃጥሎ የተበሳ ከሆነ ጨርቁ ሳስቷል ወይም ቅባቱ አንሷል። ስለት የቆረጠው የሚመስል ከሆነ የአፈሙዙ ጠርዝ ወይም ቱቦው ውስጥ የተቀረጸው ቦይ ስለታም ነው።

በየተኩሱ መሐል ረጠብ ባለ ጨርቅ፣ ከዚያም በደረቅ ቱቦውን ጥረጉ። ረጠብ ማለት ሲጨመቅ የማያንጠባጥብ ነው፤ የራሰ ጨርቅ ውሃውን ታች ድረስ ገፍቶ የሚቀጥለውን ባሩድ ያበላሸዋል።

እጥበቱ የዚያው ቀን ነው

የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም ይበላል። ለነገ አይባልም። ቀዳዳዋን በስንጥር ወትፉ፣ ቱቦውን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ሙሉት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድፉት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። የመዶሻውን ክፍል ነቅላችሁ እጠቡ፣ አድርቃችሁ መጋጠሚያዎቹን ቀቡ፤ የብረቱን ፊትና ባልጩቱን ግን ዘይት አታስነኩ። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙት፤ ዘይቱ ወርዶ ቀዳዳዋ ጋ እንዳይጠራቀም። በማግስቱ ደረቅ ነጭ ጨርቅ አንዴ ስደዱበት። ቡናማ ሆኖ ከወጣ ዝገት ጀምሯል፤ እንደገና ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት።